ጓደኛሽን በምስክርነት ጥሪያት

*ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።*

*የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የሠራች ነጭ አሜሪካዊት ጓደኛ አለችኝ። ጓደኛ ስል የሥራ ባልደረባ ብቻ ማለቴ አይደለም። ሁለተኛዋን ልጄን ስወልድ በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷ ናት። እናቴ ደሴ ላይ ባረፈች ጊዜ ሦስቱን ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ውላለች። ልጆቻችንም አብረው ነው ያደጉት።*

*ባለፈው መጋቢት የ17 ዓመት ልጄ ከእሷ ቤት ወጥቶ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሲሄድ ፖሊሶች አስቆሙት። አንድ የሰፈሩ ሰው «የሚያጠራጥር ልጅ ቤቶቹን እያየ ይሄዳል» ብሎ ደውሎ ኖሯል። እጁን ወደ ኋላ አድርገው የመንገድ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት፤ ቦርሳውን በረበሩ፤ 40 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ «ሂድ» አሉት። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እኔም አቤቱታ አስገባሁ።*

*ለጓደኛዬ ስነግራት አለቀሰች። አቅፌ ያባበልኳት እኔው ነኝ። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ «የደወለው ጎረቤቴ እኮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፖሊሶቹም ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ ነገሩን ባትገፊበት ይሻላል» አለችኝ። ልጄ ይህን ሲሰማ «ከእሷ ጋር ቡና የምትጠጪ ከሆነ እኔን አትጥሪኝ» አለ።*

*ሌላም ነገር አለ። ከቤታችን አጠገብ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ይኖራሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር የተነጋገርነው የለም። ወሬውን ከልጄ ሰምተው በማግሥቱ የጠበቃ ስልክ፣ ምን ምን መዝግቤ መያዝ እንዳለብኝም በእጃቸው የጻፉበት ወረቀት ይዘው በሬን አንኳኩ። አንድ ቀን ቡና ጠጡ ብያቸው አላውቅም። አፈርኩ።*

*መርማሪው ምስክር ካለሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስሙን አስገቢ ብሎኛል። አቤቱታውን ልተወው ወይስ ጓደኝነቱን?*

*እናት፣ ከሜሪላንድ*

እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ያስነበበኝ በመጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት። መርማሪው «ምስክር ካለሽ» ብሎሻል። አንቺ ግን ወዲያው ትተሽው ከሁለቱ የትኛውን ልጣል ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።

ልጁ ከአንድ ቤት ነው የወጣው። የዚያ ቤት እመቤት በስንት ሰዓት እንደወጣ ታውቃለች፤ ለምን መጥቶ እንደነበርም፣ ቦርሳው ውስጥ ምን እንደያዘም ታውቅ ይሆናል። በዚያ ሰፈር ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ሆኖም ስሟን መጻፍ ወይ አልታየሽም፣ ወይ ታይቶሽ ፈርተሻል። እኔ ፈርተሽ ይመስለኛል። ስለዚህ አቤቱታውንም አትተዪ፣ ጓደኝነቱንም አትጣዪ። ጓደኛሽን በምስክርነት ጥሪያት። ከዚያ በኋላ የቀረውን መልስ የምትሰጥሽ እሷው ናት።

የአቤቱታውን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው፤ ጎረቤትሽ በእጃቸው የጻፉልሽ ወረቀት ከእኔ ምክር ሳይሻል አይቀርም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1974 ለፖሊሶች ልዩ መከላከያ የሚሰጥ ሕግ በማውጣት ከአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበረች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያንኑ ሕግ በ2021፣ አገረ ገዢው የጣለበት ቬቶ ተሽሮ፣ ራሷ ሰረዘችው። ከ2022 ወዲህ እያንዳንዱ ካውንቲ ሲቪሎች የሚቀመጡበት የፖሊስ ተጠያቂነት ቦርድ እንዲኖረው ግድ ነው፤ ፖሊሱ በዲሲፕሊን ይከሰስ አይከሰስ የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴም የሲቪሎች ነው። በፊት እንዲህ ያለ አቤቱታ ፖሊስ ቤት ገብቶ እዚያው ይቀር ነበር። አሁን ፋይል አለው፣ ቀነ ገደብ አለው። የፖሊሶቹ የደረት ካሜራ ቅጂ እንዳይጠፋ በጽሑፍ ጠይቂ። ልጁም ትዝታው ሳይደበዝዝ የሆነውን ሁሉ፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር፣ በራሱ አፍ በስልኩ ይቅዳው። ጠበቃውም ጋ ደውዪ፤ ካሳ መጠየቅ ብትፈልጊ አስቀድመሽ ለመንግሥት በጽሑፍ የምታሳውቂበት ጊዜ ያልፍብሻል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። እኛ አገር ስሙ ይሉኝታ ነው። «ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን የበላች፣ ለእናቴ አብራኝ ያለቀሰች ሴት እንዴት ፖሊስ ፊት ስሟን እጠራለሁ? ከሳሽ ሆንኩ እኮ!» ትያለሽ። መክሰስን እንደ መጣላት አድርገን ማየቱን ከየት እንዳመጣነው አላውቅም፤ ያያቶቻችን ወግስ እንዲህ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ «በሕግ አምላክ!» ከተባባሉ በኋላ የኩታቸውን ጫፍና ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል፤ «የዓይን ቁራኛ» የምንለውም ከዚያው ነው። ሩቅ ዳኛ ከሆነ ሁለቱ ቀኑን ሙሉ በአንድ መንገድ ይጓዛሉ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል፤ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። ሲደርሱ ይሟገታሉ። ያንን መንገድ ሳስበው አንዳንዴ ያስቀኛል። ነገር ግን ሙግት ያለበት ሰውና አብሮ የሚሄድ ሰው አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር።

ክስ ለተከሳሹም እንደሚጠቅም የማውቀው ግን ከአያቶቼ አይደለም። እኔው ራሴ ተከስሼ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 22 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ስጀምር ሜትር የሚባል አልነበረም፤ ዋጋው በዞን ነበር የሚቆጠረው፤ ሜትሩ የገባው በ2008 ነው። ገና ስገባ ነባሮቹ የአገሬ ልጆች ከመንገዱ በፊት ያስተማሩኝ ነገር «ማታ ጥቁር አትጫን» የሚል ነበር። አናኮስትያ ወንዝን ጥቁሮች ወደሚበዙበት ሰፈር ተሻግረህ ባዶህን ትመለሳለህ፤ ሲከፋም ትዘረፋለህ። የተዘረፉ፣ የተገደሉም ሾፌሮች ስለነበሩ ምክሩ ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም፤ ይህን አልክድም። እኔም እንደተመከርኩት አደረግሁ። አንድ የዝናብ ማታ በ1990 አሥራ አራተኛው መንገድና ዩ ስትሪት መገናኛው ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ትንሽ ሴት ልጁን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ አስቆመኝ። የጣሪያዬን መብራት አጥፍቼ አለፍኩት። ከሃምሳ ሜትር በኋላ ሁለት ነጮች እጃቸውን ሲያነሱ መብራቱን መልሼ አበራሁና ቆምኩላቸው።

ከዚያ ቀይ መብራት ያዘኝ። ሰውየው ልጁን አቅፎ በእግረኛው መንገድ ደረሰና በመስኮቱ አየኝ። ፊቴን አየ። መልኬን አየ። «አንተም?» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም። የበሩን ቁጥር መዝግቦ ሄደ።

ከሰሰኝ። ተጠርቼ ቀረብኩ። እሱ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ መጥቶ ነበር። ለምን አለፍከው ስባል «አላየሁትም» አልኩ። ሰውየው ሳይቆጣ «አይቶኛል፤ ቀይ መብራቱ ላይ ተያይተናል» አለ። የሦስት ቀን ገቢዬን ተቀጣሁ። ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ «አንዱ ጥቁር ከሰሰኝ» ብዬ አወራሁ። እነሱም አብረውኝ ተናደዱ። እኔ ምን መልክ እንዳለኝ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ እንግዲህ እኔ የወጋሁት ነኝ፣ እስከ ዛሬም አልረሳሁም።

ከዚያ ወዲያ እጅ ያነሳን ሰው አላለፍኩም። መጀመሪያ ቅጣት ፈርቼ ነው፤ ይህን አሳምሬ አላወራውም። ያ ሰው ወዳጅነቴን አልፈለገም። ልቤ እንዲለወጥም የጠየቀኝ ነገር የለም። የፈለገው በዝናብ ልጁን ቤት የሚያደርስ ታክሲ ነው። ቢሆንም የእሱ ክስ ባይኖር ኖሮ ከእሱ በኋላ የጫንኳቸውን ሰዎች አልጭናቸውም ነበር፤ ያወራሁትንም አላወራም፤ ዛሬ ወዳጆቼ ከምላቸው ውስጥ ሁለቱን የተዋወቅሁት በዚያች ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ አንቺ አቤቱታሽን ስትገፊ የደወለውን ጎረቤትና እነዚያን ፖሊሶች የምትበድያቸው አይምሰልሽ። ሌላ ልጅ ጠርዝ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብለው ያስቡ ይሆናል። እንደ እኔ መጀመሪያ ቅጣት ፈርተው ቢሆን እንኳ ለልጁ ልዩነት የለውም።

ከጫንኳቸው ሰዎች አንዱ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያሳፈርኳቸው ሽማግሌ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና «ዶክተር መላኩ በያንን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። የአገሬን ሰው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ይጠይቀኛል፤ እኔ ስሙን ሰምቼው አላውቅም! መላኩ በዚያው በሃዋርድ ሕክምና አጥንቶ በ1935 ጨረሰ። ሚስቱ ዶሮቲ ሃድሊ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ጣልያን ከወረረን በኋላ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረተ፤ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ሰው ሲያስተባብር በ40 ዓመቱ ሞተ። ሳንቲሙን ያዋጡለት በኒውዮርኩ የሃርለም ሰፈርና በሌሎች ከተሞች ያሉ፣ ራሳቸው በችግር የሚኖሩ ጥቁር ሰዎች ናቸው። ሊዋጉልን የተመዘገቡም ብዙ ነበሩ፤ የአሜሪካ ሕግ ከለከላቸው። ከሚሲሲፒ የወጣው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ግን በ1935 አዲስ አበባ ደርሶ የንጉሡን አየር ኃይል መርቷል። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ መጥቶ አብራሪ አሠለጠነ፤ ያረፈውም በ1954 እዚያው አዲስ አበባ ነው።

አንቺና እኔ እዚህ አገር የገባንበት በርም በእነሱ ትግል ነው የሰፋው። ከ1924 ጀምሮ በነበረው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ በዓመት የተመደበው 100 ሰው ብቻ ነበር። ኮታው የተነሳው በ1965 ነው፤ የመምረጥ መብት ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በዚያው የሲቪል መብት ትግል ግፊት። ዛሬ ያገሬ ሰው የሞላበትን ሲልቨር ስፕሪንግን ውሰጂ። ብዙ የቤት ውሎቹ ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም አለ፤ መከልከሉ ራሱ በመላ አገሪቱ ሕገወጥ የሆነው ግን በ1968 ነው። ጎረቤትሽ ጡረታ ከወጡ፣ ይህን እናትና አባታቸው በአፋቸው የነገሯቸው ታሪክ ይሆናል፤ ምናልባትም ራሳቸው ያዩት። ያንን ወረቀት በእጃቸው ጽፈው በርሽን ሲያንኳኩ የሚሠሩትን ያውቁ ነበር።

እኛ ስለ እነሱ በራሳችን ጠረጴዛ ላይ ምን እንደምንል አንቺም ሰምተሻል። ከአገር ይዘነው የመጣነውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። አገራችን ባርነትን በአዋጅ የሻረችው በ1942 (በእኛ 1934 ዓ.ም.) ነው፤ ሩቅ አይደለም፣ አያቶቻችን ያዩት ዘመን ነው። ቃሉ እስከ ዛሬ አፋችን ላይ ያለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ነጯ ጓደኛሽ «ጎረቤቴ ክፉ ሰው አይደለም» ስትል የሚያናድድሽን ያህል፣ እኛም ስለ ራሳችን ይህንኑ እንላለን። እኔም እኮ ክፉ ሰው አልነበርኩም። መብራቴን ነው ያጠፋሁት።

አሁን ስለ ልጅሽ። ሳትቆጪው ስሚው፤ ያለው ነገር ግማሹ ልክ ነው። ከእሷ ጋር ሰላም በል፣ ይቅር በል አትበዪው። በእኛ ባህል ሽማግሌ ቶሎ ብሎ ገብቶ ልጁን «አንተ ታናሽ ነህ፣ ተው» ይላል፤ ሽማግሌ ከመጣብሽ ሻይ ጠጥቶ ይሂድ እንጂ ልጁን አያስገድድብሽ። ልጁ በደሉ በስሙ ሲጠራ መስማት ይፈልጋል፤ ከእናቱ አፍ ሲሆን ደግሞ ይበልጥበታል።

ሌላም ልጠይቅሽ፦ ከመጋቢት በፊት «እኛ እኮ ኢትዮጵያውያን ነን፤ አንተን እንደነሱ አያዩህም» ብለሽው ታውቂያለሽ? ብዙ ወላጅ ይላል፤ እኔም ለልጆቼ ብያለሁ። ልጆቻችን እንደ ጋሻ ይዘውት ይወጡና መንገድ ላይ ወረቀት ሆኖ ያገኙታል። ሙሉጌታ ስራው የ28 ዓመት ወጣት ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ ነበረው፤ ለትምህርት ነበር የመጣው። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ በ1988 ኖቬምበር 13 ሌሊት ራሳቸውን የተላጩ ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም።

ሙሉጌታን የማነሳልሽ ልጁን እንድታስፈራሪበት አይደለም፤ ከሞቱ በኋላ የሆነውን እንድታውቂው ነው። ገዳዮቹ ታሰሩ፤ አጎቱ ግን በዚያ አልቆመም። ወጣቶቹን ከካሊፎርንያ ሆኖ ያነሳሳውን የዘረኞች ድርጅት መሪ ቶም ሜትዝገርን በፍትሐ ብሔር ከሰሰ። ከቆሙለት ጠበቆች ዋናው ሞሪስ ዲስ የሚባል የአላባማ ነጭ ነበር። በ1990 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ቤተሰቡ ከዚያ ገንዘብ ያገኘው ጥቂት ነው፤ ሜትዝገር ግን ቤቱን ሳይቀር አጣ። ዲስ መልአክ አልነበረም፤ ራሱ የመሠረተው ድርጅት በ2019 አሰናብቶታል። ለሙሉጌታ ቤተሰብ ግን በዚያ ዓመት ጥቅምት አንድ ነጭ ሰው ፍርድ ቤት ገብቶ ቆመላቸው። ዕንባውን አላመጣላቸውም፤ የሕግ ዕውቀቱን ነው ያመጣላቸው።

ወደ ጓደኛሽ እንመለስ። የዕንባዋ ነገር ብዙ አሳስቦኛል። ማልቀሷን አልነቅፍም፤ ልጁን ትወደዋለች። ግን የተበደለው ያንቺ ልጅ ሆኖ የተባበለችው እሷ ሆነች፤ ከተባበለች በኋላ ደግሞ ጉዳዩ በእሷ ቤት አለቀ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ስትቀመጥ እንዲህ አላደረገችም። ያኔ እያለቀሰች ያለችው አንቺ እንደሆንሽ ታውቅ ነበር። የእናት ሞት ገብቷታል። ይህ ግን የሰፈሯ፣ የጎረቤቷ ነገር ነው፤ ከነገሩ ጋር አንድ መንገድ ላይ ትኖራለች፣ ጠዋት ሲወጡ ከዚያ ሰውዬ ጋር «እንደምን አደርክ» ይባባላሉ። «ባትገፊበት ይሻላል» ያለችው ለአንቺ ነው ብላ ታምን ይሆናል። ለራሷም ነው።

እንግዲህ ስትነግሪያት ሆስፒታል ውስጥ አይሁን፤ ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ዓይናችሁ እየተከደነም አይሁን። ቤቷ ሂጂ፤ የሆነው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ስለ ዘረኝነት ትምህርት አትስጫት፤ ነርስ ነሽ እንጂ አስተማሪ አይደለሽም፣ ለዚያ የሚከፍልሽም የለም። እንዲህ ብትያት ይበቃል፦ «ለልጄ ምስክርነት ስምሽን ልሰጥ ነው። በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ያየሽውንና የምታውቂውን ብቻ ትጽፊያለሽ። ታደርጊልኛለሽ?» ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፤ እኛ ዝም ማለት አናውቅበትም፣ «ግድ የለሽም፣ ካልተመቸሽ ተይው» ማለት ይቀናናል። ያቺን ቃል ዋጫት። ብታለቅስ ሶፍቱን አቀብያት፤ ማባበሉን ግን ዛሬ ተይው።

እሺ ካለችሽ ሁለተኛ ነገር ጠይቂያት። አገር ቤት የማይታወቅ ልጅ ሰፈር ውስጥ ሲታይ «አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። አንዳንዴ ያበሽቃል፣ ግን ሰው መሆንህን አምኖ ነው የሚጠይቅህ። የእሷ ጎረቤት ልጁን ምንም ሳይጠይቅ ስልኩን አነሳ። ያ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ቤት ሲገባና ሲወጣ ስንት ዓመት ሆነው? የማን ልጅ እንደሆነ ለዚያ ሰውዬ የነገረው የለም። ሄዳ በሩን ታንኳኳና «ያ የደወልክበት ልጅ የጓደኛዬ ልጅ ነው፣ በልጅነቱ እዚህ ግቢ ኳስ ሲጫወት አይተኸዋል» ትበለው። ይህን አንቺ ልታደርጊው አትችዪም። ልጅሽም አይችልም። እሷ ግን ትችላለች፤ የሚያስከፍላትም ምናልባት የአንድ ጎረቤት ፊት መጥቆር ነው።

እምቢ ካለችስ? አትጣያት፤ በሩንም አታጋጪ። ሰው ሰኞ እምቢ ብሎ ሐሙስ እሺ ሊል ይችላል፤ ሁለት ሳምንት አለሽ። ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ግን የጓደኝነታችሁን ልክ አውቀሽ በልኩ ያዢው። የሥራ ወዳጅ ሁኚ፤ ፈረቃ ተለዋወጪ፣ ልደት ላይ ኬክ ቁረጪ። የልጆችሽን ነገር ግን አትንገሪያት። ለቅሶ የደረሰችበት ሦስት ቀን ውሸት ነበር አትበዪ፤ እውነት ነበር። አንዳንዱ ሰው ለሐዘን የሚቀርብ፣ ለሙግት የማይቀርብ ነው። ለራሴ ብትጠይቂኝ እሺ የምትል ይመስለኛል። ቋንቋቸውን ከማታውቀው ሴቶች መሃል ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ የተቀመጠች ሴት ፈሪ አትሆንም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዋጋ የሚያስከፍላት ነገር ጠይቀሻት አታውቂም፤ ደግነቷን መቀበል ብቻ ነው የሚቀልሽ። ደፍረሽ ብትጠይቂያት ኖሮ እስካሁን አውቀሻት ነበር።

የቀሩት ጎረቤትሽ ናቸው። ያፈርሽው ነገር ስድስት ዓመት ስለሆነው አንድ ወር ሳትጨምሪበት ቡና አፍዪላቸው። ለወረቀቱ ምስጋና ብለሽ አይሁን፤ ምስጋናውን ዛሬውኑ በር ላይ ንገሪያቸው፣ ቡናው ሌላ ቀን ይሁን። ሲመጡ ስለ ፖሊስ ያስተምሩኝ አትበያቸው፤ ያንን ትምህርት ሳይፈልጉ ነው የተማሩት። ከየት ከተማ እንደመጡ፣ ምን ሥራ ሠርተው ጡረታ እንደወጡ፣ ቤቱን መቼ እንደገዙት ጠይቂ። ስለ ልጅሽ ከፈለጉ ራሳቸው ያነሱታል። ስድስት ዓመት ዝም ማለትሽን ግን አንቺው አንሺው፤ አፍሬ ነው በዪ፣ ለእኔ የጻፍሽልኝን ያንኑ ቃል። ነጯን ጓደኛሽን በዚያ ቀን አትጋብዢ። እሺ ብትልሽም እንኳ በዚያ ቀን አይሁን፤ እሳቸውን ለሌላ ሰው ትምህርት አታድርጊያቸው።

ልጅሽ ጀበናውን ያቅርብ። ወንድ ልጅ ነው ብለሽ አታስቀሪው፤ ስለ እሱ ሲሉ ነው በርሽን ያንኳኩት፤ እሱም ቢሆን ካንቺ በፊት ወሬውን የነገራቸው ወዳጃቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመሽ አስረጃቸው፤ አሜሪካኖች ከአቦል በኋላ አመስግነው ይነሳሉ። ቶናና በረካ እንዳለ፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ እንደሚወስድ ንገሪያቸውና ሌላ ቀጠሮ አይያዙ። ስኳርም ይጠጡ እንደሆነ ጠይቂ፤ ነርስ ነሽና ለምን እንደምልሽ ታውቂያለሽ።